ካኒስተር ፊልተር ሲጮህ፦ ክፍት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስለ ካኒስተር ፊልተር ድምፅ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ለአዲሶች፦ ካኒስተር ፊልተር ከዓሣ ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ዝግ ቆርቆሮ ነው፤ ውሃውን በመሳቢያ ቱቦ ወስዶ በስፖንጅና በሴራሚክ አጣርቶ በመመለሻ ቱቦ ወደ ገንዳው ይመልሳል። የውሃ ፓምፕ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀው ይህንን ነው። ስለ ዓሣ በሽታና ስለ ተክል ከእኔ የተሻሉ አባላት አሉ።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር። አንደኛ፣ እጃችሁን ገንዳ ውስጥ ከመክተታችሁም ሆነ ፊልተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ንቀሉ። ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ከዚያ ወደ ላይ እንዲመለስ አድርጉት፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ ከታች ይንጠባጠባል። ሁለተኛ፣ ስፖንጁንና ሴራሚኩን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ። ክሎሪኑ ውሃውን የሚያጣሩላችሁን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል። ከገንዳው በባልዲ በቀዳችሁት ውሃ እጠቡ። ሦስተኛ፣ ስትጠይቁ የድምፁን ዓይነት፣ መቼ እንደጀመረ፣ ገንዳው ስንት ሊትር እንደሆነና ፊልተሩ የት እንደተቀመጠ ጻፉ።

አብዛኛው የፊልተር ጩኸት አየር ነው። አየሩ በየት በኩል እንደሚገባ ሳታውቁ አዲስ ፊልተር ለመግዛት ገንዘብ አታውጡ። ቀጥሉ።

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። ፊልተሬ ይጮኻል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንደምን አመሸህ። ምን ዓይነት ጩኸት? መቼ ጀመረ? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ትናንት ፊልተሩን አጥቤ ሴራሚኩን በአዲስ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ በመመለሻው ቱቦ በየጥቂት ደቂቃው አረፋ ይተፋል። ገንዳው 180 ሊትር ነው፣ ፊልተሩ ከሥሩ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከመታጠቡ በፊት ድምፅ አልነበረውም።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። የያዘው አየር ገና ወጥቶ አላለቀም። ደረቅ ሴራሚክ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ አየር ይዞ ይገባል፣ የተጨመቀ ስፖንጅም እንደዚያው። ፓምፑ ያለው ከላይ ክዳኑ ላይ ነው። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ያ ሁሉ የሚጠራቀመው ኢምፔለሩ (የፓምፑ የሚሽከረከር ምላጭ) ጋ ነው። ኢምፔለር የተሠራው ውሃ ለመግፋት ነው፤ ውሃና አየር ተቀላቅሎ ሲደርሰው ይንቀጫቀጫል፣ ይቆራረጣል።

እየሠራ ሳለ ፊልተሩን በሁለት እጅህ ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ አንድ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው አዘንብለው። በመመለሻው ቱቦ አረፋ ሲወጣ ታያለህ። ከዚያ ከሶኬት ንቀልና ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ። ፓምፑ ሲቆም አየሩ ራሱ በቱቦው ወደ ላይ ይሄዳል። መልሰህ ሰካው። ይህንን አራት አምስት ጊዜ ድገም። ለወደፊቱ አዲስ ሴራሚክ ከመግባቱ በፊት በገንዳው ውሃ ባልዲ ውስጥ ይደር፣ ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊትም ቆርቆሮውን እስከ አፉ በውሃ ሙላው። ባዶውን ከዘጋኸው የምታስወጣው አየር ብዙ ነው።

ከእጥበት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትንሽ አረፋ ቢኖር አያሳስብም። ከዚያ ካለፈ አየሩ ከውጭ እየገባ ነው።

ከፒያሳ፦ ጋሼ ለኦስካር ዓሣ የትኛው ምግብ ይሻላል?

መልስ፦ ስለ ድምፅ ነው የምንነጋገረው።

ከልደታ፦ ጋሼ፣ እኔ ያ ሁለት ቀን ያሉት አልፎኛል። ሦስት ሳምንት ሆነው። አዘንብዬ አየሩን አወጣለሁ፣ በማግስቱ ይመለሳል። የትም ቦታ ውሃ አያንጠባጥብም። የክዳኑን ጓርኒሲዮን ቀይሬያለሁ። ገንዳው 240 ሊትር ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ሌሎቻችሁም አንብቡ።

ውሃ ካላንጠባጠበ አየር አይገባም ብለው የሚያስቡ አሉ። ነገሩ ከዚህ ይለያል። ቆርቆሮው ከገንዳው በታች ነው፣ በላዩ የቆመው ውሃ ይጫነዋል። ስለዚህ ከታች፣ ክዳኑ ጋ ቀዳዳ ቢኖር ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወለሉ ይረጥባል። አየር ሳያንጠባጥብ የሚገባው በተቃራኒው ቦታ ነው። የመሳቢያው ቱቦ ከገንዳው ወጥቶ ጠርዙን ተሻግሮ ወደ ታች የሚታጠፍበትን ቦታ ተመልከቺ። ያ መታጠፊያ ከውሃው ወለል በላይ ነው፤ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ያነሰ ነው። እዚያ ያለ ስንጥቅ ወይም የላላ መጋጠሚያ ውሃ አያወጣም፣ አየር ይስባል። ጓርኒሲዮኑን ቀይረሽ ያልተስተካከለው ለዚህ ነው። ክዳኑ አጠገብ ያለውን ነካሽ፣ ችግሩ ግን ላይ ነው።

አረጋግጪ። በመጀመሪያ መሳቢያው ጫፍ አጠገብ የአየር ፓምፕ ድንጋይ ካለ አርቂው፤ አረፋውን በቀጥታ እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፊልተሩ እየሠራ በገንዳው ውሃ የራሰ ጨርቅ በመታጠፊያው መጋጠሚያዎች ላይ አንድ በአንድ ጠቅልዪ። ጨርቁ ሲጠቀለልበት ድምፁ የሚቀየርበት መጋጠሚያ እሱ ነው። መኪና ጎማ ላይ እንደሚደረገው በሳሙና አረፋ እንዳትሞክሪ፤ መጋጠሚያው የሚስበው ወደ ገንዳሽ ነው፣ ሳሙና ደግሞ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። ቦታውን ካገኘሽ በኋላ ነቅለሽው የቱቦውን ጫፍ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቆርጠሽ ጣይ። ጫፉ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰፋል። አዲሱን ጫፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አለስልሺና ግጠሚ፣ በፋሼታ እሰሪው። ፋሼታውን በካቻቢቴ አለልክ አታጥብቂ፣ ፕላስቲኩን ትሰነጥቂዋለሽ።

መታጠፊያው ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የተደፈነ ስፖንጅ ነው። ፓምፑ የሚስበው በስፖንጁና በሴራሚኩ ውስጥ አሳልፎ ነው። መንገዱ ሲደፈን ኢምፔለሩ ጋ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ውሃው ውስጥ የሟሟው አየር ራሱ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ምንም ቀዳዳ ሳይኖር አየር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ለዚህ ይበልጥ እንጋለጣለን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት ከ10 ሜትር የሚያልፍ የውሃ ዓምድ ይሸከማል፣ እዚህ ከ8 ሜትር በታች ነው። ከፊልተሩ ጋር የሚመጣው መመሪያ ይህንን አያውቀውም። በሁለትና በሦስት ወር እጠቡ ሲል እኛ ቀደም ብለን፣ ፍሰቱ መቀነሱን እንዳየን መክፈት አለብን።

ከስታዲየም፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። መሐንዲስ ነኝ። ግፊቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ይካካሳል፣ ከፍታው ለውጥ አያመጣም።

መልስ፦ የመጀመሪያው አባባልህ ልክ ነው፣ ድምዳሜህ ግን ልክ አይደለም። የሟሟው አየር ይቀንሳል። የፓምፑ መሳብ ግን ከከፍታው ጋር አይቀንስም። ስፖንጁ ተደፍኖ ኢምፔለሩ ጋ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በአንድ ሜትር ውሃ ያህል ቢያንስ፣ በባሕር ጠረፍ ይህ ከጠቅላላው አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ አሥራ ሦስት በመቶ ገደማ ይሆናል። ከሟሟው አየር የሚወጣው በዚያ ድርሻ ልክ ነው። ልዩነቱ ግዙፍ ነው አላልኩም። ንጹሕ ፊልተር ላይ አታየውም፣ የቆሸሸ ፊልተር ላይ ግን ቀድሞ ይታያል።

ከስታዲየም፦ እሺ፣ ድርሻው ላይ እስማማለሁ። ግን በተግባር ሰው ይሰማዋል ወይ ነው ጥያቄዬ።

ከቸርችል ጎዳና፦ እንጦጦ አካባቢ ያለ ሰውማ ፊልተሩ ጨርሶ አይሠራም በሉና!

ከስታዲየም፦ እንደዚያ አላልኩም።

ከፒያሳ፦ ዓሣዎቼ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱት ለዚህ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ እንጦጦም ይሠራል። የፒያሳው ጥያቄ ግን ቁም ነገር አለውና አንድ ጊዜ ልመልስ። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠረፍ ውሃ በሊትር ከ8 ሚሊግራም ትንሽ ያለፈ ኦክስጅን ይይዛል፣ አዲስ አበባ 6 አካባቢ ነው። ገና ከመነሻው ትርፉ ትንሽ ነው። ስለዚህ የመመለሻውን ቱቦ ጫፍ የውሃውን ወለል እንዲያናውጥ አድርገህ አስቀምጠው፣ ዓሣም አታብዛ። ውሃው መናወጡ ትንሽ የሹክሹክታ ድምፅ ያመጣል፤ ያ ጥሩ ድምፅ ነው፣ ተወው። አሁን ወደ ፊልተሩ እንመለስ።

ከሜክሲኮ፦ ጋሼ ፊልተሬ ድምፅ አለው፣ መፍትሔ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓይነቱን ጻፍ።

ከሜክሲኮ፦ ይቅርታ። ጠጠር ወፍጮ ውስጥ እንደገባ ያለ ድምፅ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው የጀመረው። አረፋ የለም። ፍሰቱም ቀንሷል።

መልስ፦ ኢምፔለሩ ነው። ከሶኬት ንቀለው። የፓምፑን ክፍል ገልብጠህ የኢምፔለሩን መሸፈኛ ክፈትና ኢምፔለሩን አውጣው። ማግኔት ስለሆነ ትንሽ ይታገልሃል። በመካከሉ የሚያልፈው ቀጭን ሻፍት አብዛኛውን ጊዜ ሴራሚክ ነው። ለሁለት ተሰብሮ እንደሆነ ተመልከት፤ ስብራቱ ቀጭን ስለሆነ ሻፍቱን አውጥተህ በጣትህ ካልዳሰስከው አይታይም። ሁለቱ ጫፎች ላይ የሚገቡት ትናንሽ ጎማዎች ሁለቱም በቦታቸው መኖራቸውን አረጋግጥ። ጎማው ስለሚያንስ ሲታጠብ ከቆሻሻው ውሃ ጋር የሚደፋው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ማግኔቱ የሚገባበትን ጉድጓድ በጥርስ ብሩሽ ጥረገው። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት ስባሪ ያልከውን ድምፅ ታመጣለች። መብራት ሲጠፋ ደለሉ ይረጋና ሲመለስ ቀድሞ የሚሳበው እሱ ነው። ነጭ ኖራ ከያዘው በአቼቶ ዘፍዝፈህ በደንብ አለቅልቀው። ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ የሚደርሳችሁ ሰዎች ከለገዳዲ ውሃ ከሚደርሳቸው ይልቅ ኖራ ይበረታባችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ሁልጊዜ ስለሚደነግጥበት። የኢምፔለሩን ምላጮች ይዘህ ማግኔቱን ስታዞር ትንሽ ርቀት ያለ ምንም ተቃውሞ ይዞርና ከዚያ ይይዛል። ተሰብሮ አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ይህ ዓይነቱ ሞተር ሲነሳ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚዞር አይታወቅም፣ ጉልበቱም ሲነሳ ደካማ ነው። ያ ክፍተት ማግኔቱ ውሃውን ከመግፋቱ በፊት መንደርደሪያ ይሰጠዋል። ሲነሳ አንድ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቢል ጤነኛ ነው። ሳያቋርጥ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን መያዣው ተበልቷል፣ ኢምፔለሩ ይቀየር።

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ ተመልሻለሁ። ገንዳው 200 ሊትር፣ ፊልተሩ ከሥር ነው። ድምፁ የሚያንቋርር ነው፣ ሽንት ቤት ውሃ ሲወርድ እንዳለው። የጀመረው በዚህ ሳምንት ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሰሞኑን አልሞላሁም።

መልስ፦ የገንዳህን ውሃ እየው። የመሳቢያው ጫፍ ከውሃው ወለል ስንት ይርቃል?

ከካዛንቺስ፦ ሁለት ጣት ቢሆን ነው።

መልስ፦ በቃ። ውሃው ላይ ትንሽ ሽክርክሪት ሠርቶ አየር ይጠጣል። ውሃውን ሙላ፣ መሳቢያውንም ወደ ታች አርዝመው። በፈረቃ የምትኖሩ ሁሉ የመሳቢያውን ጫፍ ከገንዳው መሬት ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ከታች አስቀምጡት፣ ውሃው ቢቀንስም አየር አይደርሰውም። ስትሞላ ደግሞ ከቧንቧ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ በግፊት የያዘው አየር ገንዳው ውስጥ ሲሞቅ ይወጣልና ለአንድ ቀን ጥቃቅን አረፋ መስታወቱ ላይና ፊልተሩ ውስጥ ታያለህ። እሱ ራሱ ያልቃል።

ከሳር ቤት፦ ወንድሜ ከአሜሪካ አዲስ ካኒስተር አመጣልኝ። 110 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የሰካሁት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኡኡኡ ይላል፣ ሞተሩም ይሞቃል። አየር የለውም፣ አረጋግጫለሁ።

መልስ፦ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ሄርዙን (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) አይቀይርም። ወንድምህ ያመጣው ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው፣ የእኛ መብራት 50 ነው። የእነዚህ ፓምፖች ማግኔት ከመብራቱ ሄርዝ ጋር እኩል ነው የሚዞረው። እዚያ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ይዞር የነበረው እዚህ 3,000 ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ውሃ ወደ ላይ የሚገፋበት ከፍታ ደግሞ ከዚያ በበለጠ ይወርዳል፣ ከቀድሞው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍሰት እርሳው።

እንጉርጉሮውና ሙቀቱም ከዚያው ነው። ሄርዙ ሲወርድ ቮልቱም አብሮ ካልወረደ የመጠምጠሚያው ብረት ከልኩ በላይ ይጫናል፣ ይርገበገባል፣ ይሞቃል። ትራንስፎርመርህ 100 ቮልት መውጫ ካለው በእሱ ሞክረው፣ ድምፁ ይቀንሳል። ከሌለው ግን እንዲህ እየሞቀ ዘግተህበት ከቤት አትውጣ። የሚሻለው የፓምፑን ራስ ብቻ 220 ቮልት 50 ሄርዝ የሆነውን ፈልጎ መቀየር ነው፤ ቆርቆሮው፣ ቅርጫቱና ቱቦው ያው ያገለግላል። ከውጭ ዕቃ የምታስመጡ ሁሉ፣ ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። 110 ቮልቱን በቀጥታ ሰክታችሁ ያቃጠላችሁ ደግሞ ወደ እኔ አታምጡት፣ አይጠገንም።

ከሰንጋ ተራ፦ የኔ ደግሞ 220 ነው፣ ግን መብራት ጠፍቶ በኢንቨርተር ሲሠራ ብቻ ይንጫጫል። መብራት ሲመጣ ዝም ይላል።

መልስ፦ ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ አይደለም፣ በደረጃ በደረጃ የተቆራረጠ ነው። አምፖልና ስልክ አይጎዳም፣ እንዲህ ያለ ሞተር ግን ይርገበገብበታል፣ ይሞቅበታል። ለአንድ ሁለት ሰዓት ችግር የለውም። መብራት ረጅም ሰዓት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ሲገዛ ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚባለውን ጠይቅ። ካልሆነ ፊልተሩን ነቅለህ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገንዳው ውስጥ አድርግ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ ያሉትን አደረግኩ፣ ጸጥ አለ። እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ልጨምር፣ ኦሪንጉን (የክዳኑን የጎማ ቀለበት) ቫዝሊን ብቀባው?

መልስ፦ አሜን። ቫዝሊን አይቀባም። ከነዳጅ የሚሠራ ቅባት አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፣ ከዚያ ክዳኑ አልገጥም ይላል። ንጹሕ ሲሊኮን ግሪስ ነው የሚቀባው፣ በጣም በስሱ።

ከፒያሳ፦ እኔ ሁለት ዓመት ቫዝሊን ስቀባ ምንም አልሆነም።

ከቸርችል ጎዳና፦ እኔ የምግብ ዘይት ነው የምቀባው።

ከልደታ፦ ዘይት? ውሃው ላይ አይንሳፈፍም?

ከቸርችል ጎዳና፦ ትንሽ ነው፣ አይታይም።

ከፒያሳ፦ ሲሊኮን ግሪስ የት ይገኛል? መርካቶ ዞሬ የሰጡኝ የመስኮት ማጣበቂያ ሲሊኮን ነው።

መልስ፦ ተረጋጉ። የምግብ ዘይት ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ ጎማውንም ሙጫ ያደርገዋል። ቫዝሊኑ ያላበላሸብህ ጎማህ ከሚቋቋሙት ዓይነት ስለሆነ ነው፤ የሌላው ሰው ጎማ ያ ዓይነት መሆኑን በምን ታውቃለህ? የመስኮት ማጣበቂያው ሌላ ነገር ነው፤ በእሱ ከቀባኸው ክዳኑን መቼም አትከፍተውም። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ሄደህ ለጎማ የሚሆን ንጹሕ ሲሊኮን ግሪስ በትንሿ ቱቦ ስጡኝ በል። ስፕሬይ አትግዛ፣ ሌላ ኬሚካል ይቀላቀልበታል። ቱቦዋ ላይ ከሲሊኮን ሌላ የተጻፈ ነገር ካለ መልስ። የተሰነጠቀ ኦሪንግ ደግሞ በምንም ቅባት አይድንም፣ አሮጌውን ይዘህ ሄደህ ልኩን አስፈልግ።

ከጊዮን ጀርባ፦ ኮንዶሚኒየም አይደለም ግን ፎቅ ላይ ነኝ። ሌሊት ሌሊት ከታች ያሉት ጎረቤቶች እንደ ጄኔሬተር ይሰማናል ይላሉ። እኔ ቤት ውስጥ ብዙም አይሰማኝም።

መልስ፦ ንዝረቱ በወለሉ እየሄደ ነው። ፊልተሩን ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ላይ አስቀምጠው። ቆርቆሮውም ሆነ ቱቦዎቹ የቁም ሳጥኑን ግድግዳ አይንኩ፤ ብዙ ጊዜ የሚነዝረው የተጠጋው ቱቦ ነው። እጅህን ቁም ሳጥኑ ላይ አድርገህ ፊልተሩን ጥቂት አንሳው። ንዝረቱ ከቆመ አገኘኸው።

ከሜክሲኮ፦ ጋሼ ከፍቼ አየሁት። ሻፍቱ ለሁለት ተሰብሯል፣ ልክ እንዳሉት። ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ ትናንት መብራት የጠፋው ከጠዋት እስከ ማታ ነበር። ሲመጣ ገንዳው ሸተተ።

መልስ፦ ይህንን ሁላችሁም ስሙት። ፊልተሩ ሲቆም ባክቴሪያዎቹ በተዘጋው ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ይጨርሱታል። ከዚያ ይሞታሉ፣ ውሃው ይመረዛል። መብራት ሲመጣ ፊልተሩ ራሱ ተነስቶ ያንን ውሃ ቀጥታ ዓሣው ላይ ይደፋዋል። ስለዚህ መብራት ከጠፋ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉት። ለረጅም ሰዓት ከቆየ ቆርቆሮውን ክፈቱ፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ድፉ፣ ስፖንጁንና ሴራሚኩን በገንዳው ውሃ አለቅልቁ፣ በገንዳው ውሃ ሞልታችሁ አስነሱ። በቧንቧ ውሃ አይደለም። አንተ አሁን ከገንዳው ውሃ ሲሶውን ቀይር፣ ለሁለት ቀን ምግብ አትስጥ።

ከስታዲየም፦ ሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃስ? ክሎሪኑ ይወጣል እኮ።

መልስ፦ ክፍት በርሜል ከሆነ ይወጣል። ክዳኑ የተዘጋ ሮቶ ላይ አትተማመን። የገንዳው ውሃ እያለልህ ለምን ትፈልገዋለህ?

ከፒያሳ፦ ጋሼ የትኛው ፊልተር ይሻላል? ልገዛ ነው።

መልስ፦ ኢምፔለሩና ሻፍቱ አዲስ አበባ ውስጥ ለብቻው የሚሸጥለትን ግዛ። ሌላውን ከዚያ በኋላ ተመልከት።

ከቦሌ፦ ሰላም፣ አሁን ገባሁ። ፊልተሬ ይጮኻል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ጀምረህ አንብብ። መልስህ እዚያ ውስጥ አለ።

ከሜክሲኮ፦ ጋሼ የመጨረሻዬ ነው። ሻፍቱን ሱቅ አላገኘሁትም። ቶርኖ ቤት ወስጄ በብረት ላስቀርጸው?

መልስ፦ ተራ ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱም ጉድጓዱን ይበላዋል። ነሐስ አይሆንም፣ በውስጡ ያለው መዳብ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ዓሣም ይጎዳል። የማይዝግ የሚባለውም ብረት ሁሉም እኩል አይደለም፣ ማግኔት የሚይዘው ከሆነ ጨርሶ አይሆንም። ሴራሚኩን ፈልግ። የተሰበሩትን ሁለት ቁራጮች አጋጥመህ ርዝመቱንና ውፍረቱን በካሊፐር ለካ። ውፍረቱ በግማሽ ሚሊሜትር ቢለያይ ወይ አይገባም፣ ወይ እንደገና ይንቀጫቀጫል። ከሌላ ፊልተር የወጣ ልኩ አንድ የሆነ ሻፍት ይሠራልሃል፣ ስሙ መመሳሰል የለበትም። ማጣበቂያ እንዳትሞክር፣ እዚያው ይለቃል።

እስክታገኝ ሴራሚኩን ቆርቆሮው ውስጥ አትተወው፣ ዛሬ ማታውኑ ይሞታል። በመረብ ከረጢት አድርገህ ገንዳው ውስጥ አንጠልጥለውና የአየር ድንጋዩን ከሥሩ አድርግ። እንዲህ ሆኖ ሳምንት ይቆይልሃል። ፓምፑ ግን ሻፍቱ ሳይገባ ለሙከራም ቢሆን እንዳይሰካ።